የአስራ አንድ ሰዓት መንገድ

እታለም፣ ደብዳቤዬ ከነልጆችሽ በደህና ያግኝሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። የስፌቱ ሥራ ደርቶልኛል፤ የተማሪ ልብስ ሰሞን ስለሆነ ቀና የምልበትም ጊዜ የለኝ። መጠጥ ከተውኩም ሰባት ወር ሞላኝ።

ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ታውቂው የለ? እሱም እንደኔ የተወ ነው። ሁልጊዜ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሱቃችንን እኩል ዘግተን፣ እሱ መንገዳችን ላይ ባለው መጠጥ ቤት በኩል፣ እኔ በአስፋልቱ በኩል ሆነን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው። "ለምን ወፈርኩ መሰለህ? አንተን ልጋርድ ነው" ይለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጁ መጥታ እሷ ጋ እንዲኖር ይዛው ሄደች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ሱቅ እየተሰበሰብን የምንበረታታው ሰዎችም ቦታ አጥተን ተበታተንን።

ትናንት ብቻዬን ሳልፍ የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ በር ላይ ቆማ "አንተ ሰው፣ ምነው ጠፋህ?" አለችኝ። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ቤት ገብቼ ሳወልቀው ለካ አንቺ የላክሽልኝን፣ ክር የሌለውን ጫማ ነው ያደረግኩት። በጣም ይመቻል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

በይ እንግዲህ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ከተመቸሽ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደውዪልኝ። ወሬ ባይኖርሽም ግድ የለም፤ ቤቴ እስክገባ ድረስ ብቻ ስልኩን አትዝጊው።

ታናሽ ወንድምሽ