ለበረካው የተጨመረ ጠጠር

ለክቡር አቶ ሀምዳን ሰዑድ
የ«ውብ ዳርቻ» መናፈሻ ሥራ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐይቅ

ጉዳዩ፦ ደጃችን ላይ ስለቆመልን ተራራ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ትከሻዎ ደህና ነው? ትከሻዎን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ከደብዳቤው ግርጌ ያገኙታል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከጠጠሩ በስተጀርባ አለን።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ከዘነጉኝ፣ እኔ ወደ ሐይቁ በሚወርደው የእግር መንገድ መግቢያ ላይ ያለው ቤት ልጅ ሰሚሃ እንድሪስ ነኝ። ጅዳ የሰው ቤት ስጠርግ በነበርኩበት ጊዜ «የሐይቅ ልጆች፣ ዳርቻችንን እናስውብ» ብለው በስልክ ሲጠሩን፣ ከደመወዜ ቆርሼ ከላኩት አንዷ ነበርኩ። አሁን እናቴን ሰዓዳን ለመጦር ተመልሻለሁ። እናቴን እግሯ ከከዳት ቆይቷል፤ ስመጣ ይዤላት የመጣሁት ተሽከርካሪ ወንበር ነው እግሯ። ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሰዓት በኋላ ወንበሩን እየገፋሁ በዚያ መንገድ አወርዳታለሁ፤ ከዳርቻው ዋርካ ሥር የሰፈራችን ዱበርቶች ይጠብቋታል። ዱበርቶች ስል፣ እርስዎም በተወለዱ ዕለት ዱዓ ያደረጉልዎትን የሰፈር እናቶች ማለቴ ነው። ዱዓውን የምትመራው እናቴ ናት፤ ከሳምንት እስከ ሳምንት የምትኖረውም ለዚያች ሐሙስ ነው።

እንግዲህ የምስጋናዬን ዝርዝር በአክብሮት እነሆ።

አንደኛ፣ ስለ ግምቱ። መንገዱ ሰማንያ ሜትር ይረዝማል፣ ሁለት ሜትር ይሰፋል። አምስት ሳንቲ ሜትር ጠጠር ቢለብስ ሦስቱን ያባዛ ሁሉ ስምንት ሜትር ኩብ ያገኛል፤ ይህም የአንድ ገልባጭ መኪና ግማሽ ጭነት ነው። ሐቅ መደበቅ አልወድምና፣ የኮሚቴያችሁም የመጀመሪያ ግምት ይኸው ነበር። ከዚያ ግን ወሎዬነታችሁ መጣባችሁ። አንዱ አባል «ለምረቃው እንግዳ ይመጣል፣ እንዳያንስብን» ብለው ርዝመቱን መቶ አደረጉት። ሌላው «እንግዳ ተጣብቆ አይሄድም» ብለው ወርዱን ሦስት አደረሱት። እርስዎም፣ ቁና ሲሰፈር አፉ ድረስ ሞልቶ ዝም እንደማይባል ሁሉ፣ «ለበረካው ጨምሩበት» ብለው ውፍረቱን ሃያ ሳንቲ ሜትር አደረሱት። ስምንቱ ስድሳ ሆነና አራት ገልባጭ ጠጠር መጣ። እኔም ወሎዬ ነኝና «ይትረፍ እንጂ አይነስ» ማለትን ከእናቴ ጓዳ ተምሬዋለሁ። ይሁንና ከድግስ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ ከመናፈሻ የተረፈ ጠጠር ምን ሆኖ እንደሚበላ ግን እናቴም አታውቅም፣ ጎረቤትም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ሲበዛ ማር ይመራል የተባለውን ለጠጠርም ያሰበልን ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ ወጪው። ከመዋጮው የዛፍ ችግኝና የእንጨት አግዳሚ ወንበር ይገዛል ተብሎ ነበር። ሁሉም ለጠጠሩና ለማጓጓዣው ስለዋለ መናፈሻችን ከዋርካው ወዲህ ዛፍም ወንበርም የለውም። ለዚህ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል፤ ጥላ በሌለበት ቦታ ማንም አይቀመጥም፣ ማንም ካልተቀመጠበት ደግሞ ማንም አያቆሽሸውም። በአገሩ እንዲህ ንጹሕ መናፈሻ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ተራራው። ከአራቱ ጭነት አንዱን መንገዱ ላይ በእጥፍ ውፍረት አፍስሳችሁት፣ ሦስቱ ከደጃችን ቀርቷል። አምባሰል ይህን ያህል ዘመን ብቻውን ቆሞ ኖሮ በስተርጅና ታናሽ ወንድም ማግኘቱ የሚያስደስት ነው። ፍየሎቹ ወጥተውበታል፤ የባጃጅ ሾፌሮችም «ጠጠሩ ጋ ወራጅ» ማለት ስለጀመሩ ሰፈራችን ያለ ስብሰባ አዲስ ስም አግኝቷል። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ትርፉ እንዲነሳልን በለመንኩ ጊዜ፣ «ትርፍ አይደለም፣ መጠባበቂያ ነው፤ ደግሞ ሳይመረቅ አይነካም» ብለው በትዕግሥት አስረድተውኛል። ምን እንደምንጠባበቅበት መጠየቅ ነውር መስሎኝ ተመለስኩ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ስቄ ነው የጻፍኩት። የሚቀጥለውን ግን መሳቅ አቅቶኛል።

ጠጠሩ በመጣ በመጀመሪያው ሐሙስ እናቴን ነጠላዋን አልብሼ ይዣት ወጣሁ። በክምሩ ጎን ባለችው ቀዳዳ ልሾልክ ብል የወንበሩ ጎማ እስከ ግማሹ ሰመጠ። ብገፋ አልሄድ፣ ብጎትት አልመለስ አለኝ። ዱበርቶቹ ስንዘገይባቸው ጊዜ ፍለጋ መጥተው ከክምሩ ወዲያ ማዶ ቆሙ። ከእነርሱ ጋር ጎረቤታችን ሒክማ ነበረች፤ ወሯ ገብቷል፣ ባሏ ሪያድ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ፈርታለች። እናቴ ሆዷ ላይ እጇን አኑራ እንድታደርግላት ቃል የገባችላት ዱዓ ነበር። እናቴም ከወዲህ ሆና በዚያ በደከመ ድምጿ ዱዓውን አሰማች፤ እነርሱም ከጠጠሩ ወዲያ «አሚን!» እያሉ ተቀበሏት። ዱዓው ተሻገረ፤ እጇ ግን አልደረሰም። ሒክማ ክምሩን ልትወጣ ሁለት እርምጃ ሞከረችና ሆዷን ይዛ ተመለሰች። እናቴ «አብሽሪ ልጄ፣ ዱዓን ጠጠር አይዘውም» አለቻት። እቤት ከገባን በኋላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፣ እራትም አልቀመሰች። ወላሂ፣ በሰው አገር ስንት ነገር ሲደርስብኝ ያልወጣ እንባ ያን ዕለት ወጣ።

ነገሩን የሰማው የቅሬያችን ዳኛ አባ ታረቀኝ ነው። እርስዎ ሲሾሙ ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ ቅሬ ማለት እስላም ክርስቲያኑ ሳይል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሟቹን የሚቀብርበት ማኅበራችን ነው፤ ሲጠራ የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱን ያልፈጸመ ደግሞ የእሱም ቀን ሲደርስ ሰው ይቀርበታል። አባ ታረቀኝ ደጃችን ቆሞ ክምሩን አየ፣ እናቴንም አየ። ከዚያ «ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ የምንጠራራው? ይቺ በቁሟ ተቀብራለች እኮ!» አለና ቅሬውን ለእሑድ ማለዳ ጠራው።

እሑድ አካፋና ጆንያ ያለው ሁሉ መጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ኮሚቴዎ ወራት የመከረበትን ጉዳይ ቁርስ ሳይደርስ ፈቱት። የመንገዱን ጠጠር በልኩ ቀንሰው ደመደሙት፤ ከክምሩም ለወንበራችን የሚበቃ በር ከፈቱ። እዚያው ከዱበርቶቹ መሐል ሒክማ አጎንብሳ የእናቴን እጅ ወስዳ ሆዷ ላይ አኖረችው። ስለ መንግሥትና ሕዝብ ንብረት እንዳይጨነቁ፤ የተነሳው ጠጠር አልተሸጠም፣ ወደ ማንም ግቢም አልገባም። በየክረምቱ በጭቃው እየተንሸራተትን የእኛንም የእነ አባ ታረቀኝንም ሬሳ የምንሸኝበት ወደ ሁለቱም መቃብር የሚወስደው አቀበት ለብሶታል። ግማሽ ድረስ ደርሷል።

ያን ማለዳ ሁሉም ተገኝቷል። ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ እንኳ ጆንያ ያዥ ሆኖ ቆሟል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ስለ ምረቃው ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልን።

እንግዲህ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር፣ ከእንግዳ ፊት የማያሳፍር ድግስ፣ በጭነት የማይጎብጥ ትከሻ እየተመኘሁልዎ፣ በተራራዎ ሥር በትሕትና የምኖር፣

ሰሚሃ እንድሪስ
ከጠጠሩ ሰፈር

ማሳሰቢያ፦ ቅሬው ስለ መቅረትዎ ቅጣት ወስኖብዎታል። ገንዘብ አይደለም፤ የቀረውን አቀበት የሚሞላ ጠጠር ከደጃችን በራስዎ ትከሻ እንዲያመላልሱ ነው። ስንት ጆንያ እንደሚበቃ ግምቱን ለእርስዎ ትተንልዎታል፤ እንደ ልማድዎ ለበረካው ይጨምሩበት። እናቴ ግን «ሀምዳንን አትናገሪው፣ እኔ ነኝ ስሙን ያወጣሁለት» ብላ ከልቧ መርቃዎታለች፦ «ጠጠር ባለበሰው መንገድ አላህ በሰላም ያሳልፈው።» ጠጠሩን የትኛው መንገድ እንደለበሰ ያላወቀች መስሎኝ ልነግራት ብጀምር፣ «አውቃለሁ፤ አሚን በይ» አለችኝ። አሚን ብያለሁ።