የጂብሪል አረንጓዴ ሞተር

ኅዳር 1፣ ሰኞ

የጂብሪልን አሮጌ ሞተር ሳይክል አረንጓዴ ቀባሁ። ለአሸዋ የተሠራ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ዕድሜው አርባን ያለፈ። አንድ ክፍል የምንጋራው ጂብሪል እዚህ ሳዑዲ፣ ደማም፣ ሃያ ሁለት ዓመት በመካኒክነት ሠርቶ ኹሩጁ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ወጥቶለታል፤ ቅዳሜ ሳምንት ወደ ወሎ ጠቅልሎ ይገባል። "መምህር፣ ታንከሩን ብቻ ይቀቡልኝ" ነበር ያለኝ። ታንከሩን ብቻ? ሥራ ከተጀመረ… ኮረንቲ ሰጪውን ቦቢና እንኳ ፈትቼ ከሥሩ ያለውን ብረት ሁለት ጊዜ ቀባሁ፤ ብሎኖቹንም። ባዶ ብረት አልቀረም። ታንከሩ ላይ ስሙን በቁም ጽሕፈት ጻፍኩለት። ያማረ ሥራ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አልነሣ አለ። ጂብሪል ሃያ ጊዜ ረገጠው። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ ረገጠ… ብልጭታ የለም። አዲስ ካንዴላ… የለም። የማጥፊያውን ሽቦ ነቀለ… የለም። ባለፈው ሳምንት ደህና አልነበረም?

ካፊላችን፣ አሠሪያችን አቡ ኸጣብ፣ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ሞተሩን ለጂብሪል የሰጠው እሱ ነበር። አሁን የምንኖርበትን ግቢ ሊያስጠርግ ነው፤ እስከ ሐሙስ ሳምንት ካልተነሣ ከቁርጥራጭ ብረቱ ጋር እንደሚያስጭነው ነገረን። ጂብሪል ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔን ከኋላው ጭኖ፣ ከግቢው ጀርባ ባለው አሸዋ ላይ ሊጋልበው ነበር ምኞቱ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ያገለገለ ቦቢና ፍለጋ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ ሰፈር ደርሰን መጣን። በመንገድ ላይ ጂብሪል አስተማረኝ፤ ኮረንቲው በሽቦ ይመጣል፣ በሞተሩ ብረት ይመለሳል፤ መመለሻ ካጣ ብልጭታ የለም። እኔም ስለ ወጣትነቴ አወራሁለት። የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሳለሁ በወሎ፣ በሐርቡ መንገድ፣ የሞተሬን ድምፅ የሰሙ መምህራን ጥቁር ሰሌዳቸውን በጥድፊያ ያጸዱ ነበር። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እሱ ለጉዞ ወረቀቱ ወደ ጀዋዛት፣ ወደ ፓስፖርት ቢሮው፣ ሲሄድ ቦቢናውን እኔ ገጠምኩት፤ ቀለሙ እንዳይጫር እጅግ ተጠንቅቄ። ማታ መጥቶ ረገጠው። ምንም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬም ማፊ፣ ምንም የለም። ጂብሪል አልቀለደም… ይህ ከሞተሩ ይብሳል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ከፈጅር ሶላት በኋላ ይህን ደብተር እንደ ተማሪ ፈተና ከላይ ጀምሬ አረምሁ። "ባዶ ብረት አልቀረም።" የገዛ እጄ ጽሕፈት። ቦቢናው የሚመለስበትን መንገድ ሁለት ጊዜ ቀብቼ የዘጋሁት እኔው ነኝ ማለት ነው?

ልንገረው ወይስ ቀስ ብዬ ልፋቀው? ካቻቢቴውን ይዤ ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ቀሰቀስኩት።

ሰምቶ ሲጨርስ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ።

"ሳምንት ሙሉ ቦቢና ስሰድብ የከረምኩት በእርስዎ ማሳመር ነው?"

"በእኔ ነው።"

"ተማሪዎ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ስንት ይሰጡት ነበር?"

"ዜሮ።"

"አላህ ይወድዎታል፣ እኔ ሁለት ሰጥቼዎታለሁ። አንዱ ስላመኑ፣ አንዱ ለቁም ጽሕፈቱ።"

ብረቱ እስኪያበራ ፋቅነው። ሰማያዊ ብልጭታ… በሁለተኛው እርግጫ ተነሣ። ተቃቀፍን፤ ጢሱ እያሳለን።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ብረት ጫኙ መኪና በር ላይ ቆሞ ሳለ በአጠገቡ አልፈን ወጣን። የጂብሪልን ወገብ ሁለት እጄን አጣምሬ ይዣለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ። ጉብታው ላይ ስንዘል ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጂብሪል ግን ግጥም ነበር ይላል።

አቡ ኸጣብም ጥምጣሙን አጥብቆ ተራ ጠየቀ። ጢሙ አሸዋ ሞልቶ እየሳቀ ተመለሰ። መኪናውን ባዶውን ሰደደው። ሞተሩ ይቀመጥ፣ ግን ማን ይነዳዋል? አለ። ጂብሪል ወደ እኔ ጠቆመ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ትናንት ሸኘሁት። አልጋው ተጠቅልሎ ቆሟል… ክፍሉ ሰፋ።

ጠዋት ከጂብሪል መልእክት ገባ፤ አንዲት ቃል፤ "ተነሣ?"

ወጣሁ። በሦስተኛው እርግጫ ተነሣ፤ ግቢውን ብቻዬን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ከቦቢናው ሥር የአውራ ጣት ያህል ባዶ ብረት ያበራል፤ ቀለምና ብሩሽ በእጄ ነበር፤ አልነካሁትም።

ለጂብሪል መልስ ልጽፍ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ ስልኩን ከጭስ ማውጫው አጠገብ ይዤ ድምፁን ቀዳሁና ላክሁለት።