ስም እስከ አያት

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ ስለ ገሱባ ጭሰኞች የሠራሁትን ጥናት ለሕዝብ አቀረብኩ። ታሪኩን የነገሩኝ አባባ አንጁሎም ከገሱባ መጥተው ፊት ተቀምጠው ነበር። ስጨርስ እጄን ያዙና፣ "ጎሽ የኔ ልጅ! ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

"የተፈራ።"

"ተፈራ ማን?"

ሰው ጠራኝ ብዬ ሄድኩ። የአባታቸውን መሬት የወሰደው ባለርስት አያቴ ነው። ስሙን እየጠሩ ሲረግሙት ዓመት ሙሉ በስልኬ ቀድቻለሁ፤ አንድም ቀን አያቴ ነው አላልኩም።

ቤት ስገባ እማዬ "እንዴት ዋልሽ?" አለችኝ። "ደህና" ብዬ ክፍሌን ዘጋሁ። እኛ ቤት የአያቴ ስም በክብር ነው የሚነሳው። ለማን ልንገር?

የታተመውን ጥናት የፊታችን ሰኞ ለአባባ አንጁሎ ላደርስ ቃል ገብቻለሁ። ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ሽፋኑ ላይ ስሜ እስከ አያት ተጽፏል።