በመተማ ፀሐይ የበረዳት መኪና

መጋቢት 3 ቀን 1979፣ መተማ

ሙቀት። ከረፋድ በኋላ ብረት በእጅ አይነካም። የጤና ጣቢያውን አዲስ መኪና ቲዩን አፕ አደረግሁ። በእርዳታ የመጣች ናት። ካርቡራቶር የላትም፤ ቤንዚኑን የሚመጥንላት ከወንበሩ ሥር ያለ ኮምፒውተር የሚሉት ሳጥን ነው። ኮምፒውተር... መተማ ላይ! እኔ ግን ቆላ የወረደ መካኒክ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሞተሩ እንዳይፈላ ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታት አወጣሁ። እዚያው አጠገቡ ያሉትን የሙቀት መለኪያ ሽቦዎችም ነቀልሁ። መርፌው ከፍ ባለ ቁጥር ሾፌሩ ይርዳው እየደነገጠ መንገድ ላይ ይቆማል። ካላየው አይደነግጥም።

ከሥራ በኋላ ከእሱ ጋር ፉል ሻጯ ኩብራ ቤት ፉል በላን። ከጎንደር ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ የምስቀው ከይርዳው ጋር ብቻ ነው።

መጋቢት 11

ይርዳው ስሞታ ይዞ መጣ። ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ስትሞቅ ሞተሯ ይጠፋል። "ወንድምዓለም፣ ይች መኪና ጠጪ ሆናለች፤ ቤንዚን አልበቃት አለ" አለኝ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ጠራርጌ መለስሁለት። ሾፌር መቼ ሳያማርር ያውቃል ብዬ ብዙም አልሰማሁትም።

መጋቢት 17

ይርዳው ታሰረ።

ከኮኪት አንድ የታመመ የወሎ የቀን ሠራተኛ ጭኖ ጎንደር ሳይደርስ ቤንዚን አለቀበት። በሽተኛው በጭነት መኪና ተወስዶ ሆስፒታል ገብቷል፣ ደህና ነው አሉ። የወረዳው ኮሚቴ ግን ቤንዚኑን ከድንበር ማዶ ገላባት ሸጦታል ባይ ነው። ኢኮኖሚያዊ አሻጥር። በዚህ ዘመን ይሄ ቃል ከወጣ ሰው ላይመለስ ይችላል...

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ደምለው አስጠራኝ። መኪናዋ ጤነኛ ናት ወይ አለኝ። "ከእኔ ዘንድ ስትወጣ ጤነኛ ነበረች" አልሁ። ሌላ ምን ልበል? እውነት ነው። ነው? ማዶ ቤንዚን እንደ ማር ይፈለጋል። ይርዳውም ሰሞኑን አዲስ ጫማ አድርጓል። የሰው ሆድ ማን ያውቃል...

መጋቢት 18

ፉል ብቻዬን። ኩብራ ባልንጀራህስ አላለችኝም። እሷም ሰምታለች።

መጋቢት 20

መኪናዋን ጎትተው አመጡልኝ። ካንዴላዎቹ ከስለዋል፣ በቤንዚን ርሰዋል። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ራሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እንግዲያ ቤንዚኑ አልተሸጠም፤ የጠጣችው እሷው ናት። ግን ለምን? ጠዋት ደህና ትነሳለች፣ ስትሞቅ ታንቃ ቀጥ። የማስተካክለው ካርቡራቶር የለ። ሳጥኑን ከፈትሁት። አንድም ነገር አልገባኝም። ዘጋሁት።

እዚህ አገር የማማክረው ሰው ይርዳው ነበር። እሱ ደግሞ ታስሯል።

መጋቢት 21

ወባዬ ተነሳ። በቀትር፣ ድንጋይ በሚፈላበት ሰዓት፣ በገመድ አልጋዬ በአንገረቤ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። የጤና ረዳቷ አየሁሽ ክኒን ይዛ መጣች። ጋቢውን ልትገፈኝ ብትል ሙጭጭ አልሁ። "ገላህ እኮ እሳት ነው፤ አንተ ግን በረደኝ እያልህ ትደራርባለህ" አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሳጥኑም እንደ እኔው ነው! ሞተሩ መሞቁን የሚነግረው ከቴርሞስታቱ አጠገብ ያለው ያ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ነበር። ሽቦው ሲነቀል በረዳት ብሎ ቤንዚን ይደራርብባታል። በመተማ ፀሐይ!

ማን ነቀለው? እኔ።

መጋቢት 23

ተነሳሁ። ቴርሞስታቱንም ሽቦዎቹንም መለስሁ። ጭሱ ጠፋ።

ደምለውን ጋራዥ አምጥቼ በፊቱ ሽቦውን ነቀልሁ። ጥቁር ጭስ ካኪ ልብሱን አጠለሸው። መልሼ ሰካሁት፣ ጠራ። "ታዲያ አሻጥረኛው አንተ ነህ ማለት ነው?" አለኝ። አለማወቅ ነው አልሁ። በመጨረሻ ይርዳው ይፈታ፣ አንተ ደግሞ ስብሰባ ፊት ሂስና ግለሂስ ታደርጋለህ ብሎኝ ሄደ። ይሁን። ሺህ ጊዜ አደርጋለሁ።

መጋቢት 25

ይርዳው መጣ። ከስቷል። ሽቦውን አሳየሁት፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርሁት። "እሱንስ ተወው፤ የማይሳሳት የለም" አለ። ቁልፉን ከእጄ ተቀበለ። ቆመ።

"ደምለው ሲጠይቅህ... አንተም ሸጦታል ብለህ ነበር?"

አላልሁም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። ዓይኔ አዲሱ ጫማው ላይ ወደቀ፤ ቃሏ ቀረች። ጠበቀኝና ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። የሞተሯ ድምፅ ጥሩ ነው።

ሚያዝያ 9

ይርዳው ሰላምታ አይነፍገኝም። ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ኩብራ ቤት ግን መምጣት ትቷል።

ዛሬ አየሁሽን መኪናዋ የት ሄደች አልኋት። ይርዳው ዘይት ሊያስቀይር አብርሃ ጅራ ከተማ ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስዷታል አለችኝ።

ዘይት ለመቀየር። አብርሃ ጅራ ድረስ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ።