በምዕራብ ውሃው ያዋስነኛል

ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጥድ ውሃ ታዳጊ ከተማ ማዘጋጃ ቤት
የይዞታ ምዝገባ ክፍል ኃላፊ
ጥድ ውሃ

አመልካች፦ ወ/ሮ በዛወርቅ ወልደ ጻድቅ
አድራሻ፦ ጥድ ውሃ፣ ከሚካኤል መንገድ በታች፣ ግድቡ ዳር (የቤት ቁጥር አልተሰጠውም)

ጉዳዩ፦ አራተኛው አዋሳኜ ውሃ ስለሆነና ፊርማ ላመጣ ስላልቻልኩ ቤቴ እንዳይፈርስብኝ ስለመለመን

ክቡር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ነገሩን በቃል ከምበታትነው በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አጻጻፌ ቢጎድል ፍሬ ነገሩን እንዲያዩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከአቶ እሱባለው ላይ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ከነግቢው በሦስት ምስክሮች ፊት ገዝቻለሁ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አውቃለሁ፤ የገዛሁት ቤቱን ነው፣ ውሉም እንደዚያው ይላል። ባለቤቴ እምሩ የባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ነው። የበጉን ጸጉር የማጥበውና የምፈትለው እኔ ነኝ፤ እሱ ይሠራዋል፤ ሞላሌ ገበያ አውጥቼ የምሸጠውም እኔው። ጸጉር ደግሞ ውሃ ይወዳል። ሞላሌ በኪራይ ቤት ሳለን በጋ በገባ ቁጥር ጸጉሩን በጀርባዬ አዝዬ ምንጭ ለምንጭ ስንከራተት ነበር የምኖረው።

በዚያ ላይ እምሩን የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ያዘው። ሐኪም ቤት ስንደርስ አንዱ ዓይን ሄዷል፤ ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም። ክሩን በእጁ ስለሚያውቀው ሥራውን አልተወም፤ ሞላሌ መንገድ ላይ ግን ባጃጁ፣ ጡሩምባው፣ የጭነት መኪናው ያስደነግጠዋል፤ ከቤት አልወጣ አለ። እዚህ የመጣን ቀን ግቢው መሐል አቆምኩት። በእጁ ወደ ምዕራብ እያመለከተ «ውሃው በዚህ በኩል ነው፤ ዳሩን ሲመታ ከሩቅ ይሰማኛል» አለኝ። ከድምፁ ተነሥቶም የቤቱን በር ብቻውን አገኘው። ቤቱን የገዛነው ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

2. ውሉን የጻፉልን የሚካኤሉ መሪጌታ አትናቴዎስ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና በዚህ አገር ውል የሚባል ነገር በእሳቸው እጅ ነበር የሚጻፈው። እንደ ልማዱ አራቱን አዋሳኝ ዞረን አየን። በምሥራቅ የቄስ መልከ ጼዴቅ ጓሮ፣ በሰሜን የሚካኤል መንገድ፣ በደቡብ የእትዬ ወሰኔ ቤት። በምዕራብ ከግቢው ጫፍ አሮጌ የድንጋይ ካብ ነበረ። የግድቡ ውሃ፣ ግንቦት ስለሆነ፣ ከካቡ ብዙ ርቆ ታች ነበር።

መሪጌታ ቀና ብለው «በምዕራብ ካቡ ያዋስነዋል ልበል?» አሉኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም። «አይ አባቴ፣ ውሃውን ይጻፉልኝ እንጂ! ድንጋይማ ሞላሌም ሞልቶኛል፤ እኔ የመጣሁት ውሃውን አይቼ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ ድንጋይ ባስቀመጡት ይገኛል። ውሃ ግን ይሄዳል፣ ይመጣል» አሉኝ። አቶ እሱባለው ሳቁና «ይጻፉላት እባክዎ! ከውሃ የተሻለ ጎረቤት ከየት ታመጣለች? አይሰክር፣ አያማ፣ ዶሮዋን አይሰርቅባት» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። «በምዕራብ ውሃው ያዋስነዋል» ተብሎ ተጻፈ።

3. ያን ጊዜ የግድቡ መዝጊያ ብረት ተበላሽቶ ስለነበር ውሃው ሞልቶ አያውቅም። ባለፈው ሚያዝያ ተጠገነ፤ ለገበሬው ደግ ነገር ነው፣ የጠገኑትን እግዜር ይስጣቸው። ክረምት ሲገባ ውሃው ተነሣና ካቡን ዋጠው። ነሐሴ ላይ ከደጃፌ ሃያ ርምጃ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ አላለፈም፤ ቤቴ አልረጠበም፤ ጸጉር ለማጠብ እንዲያውም እግሬን ነው ያሳረፈልኝ።

ውሃው ሲያምር ዳሩን የሚወደው ሰው በዛ። እሑድ እሑድ ከደብረ ብርሃን በመኪና እየመጡ ፎቶ ይነሣሉ። አንዱ ጎልማሳ «እማማ፣ ይህን ቤት አይሸጡትም?» ብሎ ጠይቆኛል። እማማ ማለቱን ነው የታዘብኩት፤ እኔ ሃምሳም አልሞላኝ። ይህን የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ዳሩ እንደ ድሮው ማንም የማያየው ቦታ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

4. በመስከረም ወር በውሃው ዳር ያለ ቤት ሁሉ እንዲመዘገብ ማስታወቂያ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ነው የተሰለፍኩት። በቅጹ ላይ አራት አዋሳኝ፣ አራት ፊርማ ይላል። ቄስ መልከ ጼዴቅ ፈረሙ። እትዬ ወሰኔ በጣታቸው አሻራ ፈረሙ። ለሚካኤል መንገድ፣ መንገዱ የከተማው ነው ተብሎ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ፈርሞ ማኅተም አሳረፈ። የምዕራቡ ባዶ ቀረ።

መዝጋቢዋ ወ/ሪት ህሊና «እትዬ በዛወርቅ፣ የምዕራቡስ?» አለችኝ።
«የምዕራቡ ውሃ ነው ልጄ።»
«ውሃማ አይፈርምም።»
«እኔስ ምን አልኩሽ?»
«ቅጹ ግን ፊርማ ይላል።»

ልጅቱን አልወቅሳትም፤ ወንበር ስባ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። ከቅጹ ጀርባ «አዋሳኙ ያልፈረመበት ይዞታ ክርክር እንዳለበት ይቆጠራል» የሚል ስላለ ግን እንደዚያው ጻፈችው። ስለዚህ በመዝገብዎ ውስጥ ከውሃው ጋር ክርክር ያለብኝ ሰው ሆኜ ነው የምገኘው። ከውሃው ጋር አንድ ቀን እንኳን ተቀያይመን አናውቅም።

የእትዬ ወሰኔን ውል የጻፉትም መሪጌታ አትናቴዎስ ናቸው። የእሳቸው ግን «በምዕራብ ካቡ» ስለሚል ከካቡ ማዶ ላለው የቀበሌው ሊቀመንበር ፈርመውላቸው ካርታ ወጥቶላቸዋል። ቤታቸው ከእኔ ቤት ይልቅ ለውሃው አምስት ርምጃ ይቀርባል፤ ካቡም እንደ እኔው ካብ ውሃ ውስጥ ነው። እሰየው፣ ጎረቤቴ ናቸው። አልቀናሁም ብዬ ብምል ግን በሐሰት መማል ይሆንብኛል።

5. ለውሃው የሚፈርም ፍለጋ የሄድኩበትን ባጭሩ ልግለጽ። ወረዳ የውሃ ክፍል ሄድኩ። «እኛ የመጠጥ ውሃ ነን፤ ያንቺ የመስኖ ነው» አሉኝ። መስኖ ክፍል ሄድኩ። «ግድቡን ከሠራው ድርጅት ገና አልተረከብነውም፤ ላልተረከብነው ነገር እንዴት እንፈርማለን?» አሉ። የሠራው ድርጅት መዝጊያውን ጠግኖ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ ቆየ፤ ያረፈበትን ቤት እንኳ ዛሬ ጤፍ ነጋዴ ተከራይቶታል። የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበርን ማሳቸው ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። «እኔ ውሃ ሲለቀቅ በተራ የማካፍል ሰው ነኝ፤ ውሃው ከቦዩ ሲወጣ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ተኝቶ ሳለ ግን የማን እንደሆነ አላውቅም» አሉኝ። አዝነው ደግሞ «ልፈርምልሽ እችል ነበር፤ ማኅተም የለኝም እንጂ» አሉ። ማኅተሙ የት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ማዘጋጃ ቤት ነው ተባልኩ። ይኸው ተመልሼ እርስዎ ደጅ ነኝ።

6. ወ/ሪት ህሊና እንደ ልጅ አዝና «ውሉ ላይ ውሃ የሚለው ካብ ተብሎ ቢታረምስ?» ብላ መከረችኝ። ደስ ብሎኝ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አቶ እሱባለው ልጃቸው ጋ ናቸው፤ «ለዚች ነው የመጣሽው?» ብለው ወዲያው ፈረሙልኝ፤ ምሳም ጋበዙኝ። ማረሚያውን ይዤ ስመጣ ግን ሁለት ነገር ጎደለ ተባለ። አንደኛ፣ የውሉ ጸሐፊም መፈረም አለበት። መሪጌታ ዓምና ጥር ላይ አርፈዋል። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ካቡን በዓይኑ አይቶ መለካት አለበት። ካቡ ውሃ ውስጥ ነው። «ውሃው ሲሸሽ ግንቦት ላይ ይለካልሻል» ተባልኩ። ከዛሬ እስከ ግንቦት ስድስት ወር አለ። የደረሰኝ የማፍረሻ ማስጠንቀቂያ ግን ሠላሳ ቀን ነው፤ ከእሱም የቀረኝ አሥራ ሦስት ቀን ነው።

7. ክርክር አለበት ተብሎ ሳይመዘገብ በመቅረቱ ኅዳር 1 ቀን ከማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ሠራተኞች መጥተው በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳዬ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገዋል፤ ምልክት ያለበት ቤት በሠላሳ ቀን ካልተነሣ ይፈርሳል ይላል ወረቀቱ። የውሉ፣ የሦስቱ ፊርማ ያለበት ቅጽ፣ የአቶ እሱባለው ማረሚያና የማስጠንቀቂያው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። የምንገባበት ሌላ ቤት የለንም። ሞላሌ የነበርንበት የኪራይ ነበር። ዘመድ ቤት ለሳምንት ይሆናል፤ የሽመና ጉድጓድ ግን በሰው ቤት አይቆፈርም።

ቀጥሎ ያለው በአቤቱታ ውስጥ የሚገባ መሆኑን እንጃ። ልተወው ብል ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሠራተኞቹ የመጡ ቀን እምሩ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እየሠራ ነበር። ሽታው ደረሰውና «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለኝ። «ለገና ቤቱን እያስቀባሁ ነው» አልኩት። «ምን ቀለም?» አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ሰማያዊ» አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባና ሊያዝዝ የመጣውን ሁሉ «ቤታችን ሰማያዊ ሆነላችሁ፣ አያችሁት?» ይላል። ሰዉ ቀዩን ምልክት እያየ «ያምራል» ይለዋል። ቄስ መልከ ጼዴቅ ሳይቀሩ፣ ሐሰት ተናግረው የማያውቁ ሰው፣ «እንደ ሰማይ ሆኗል» አሉት። እንዲህ እየተባለ እኔ ምን ብዬ፣ በየት በኩል ጀምሬ ልንገረው? በዚህ ቤት ከመደቡ እስከ ጉድጓዱ፣ ከበሩ እስከ ውሃው እምሩ ያለ ማንም መሪ መንገዱን ያገኘዋል። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሌላ ቤት እንደገና ሊማር ነው?

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦

ሀ. ለሚካኤል መንገድ እጅ ሳይኖረው እንደተፈረመለት፣ ለውሃውም ጽሕፈት ቤትዎ እንዲፈርምልኝ፤

ለ. ይህ የማይሆን ከሆነ፣ ለውሃው የሚፈርመው ማን እንደሆነ ከነቢሮው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤ የትም ይሁን እሄዳለሁ፤

ሐ. እሱም ካልታወቀ፣ ግንቦት ደርሶ ካቡ እስኪታይ ቤቴ እንዳይነካ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ። ውሃው ሳይሸሽ የቀረበት ግንቦት የለም፤ ያን ጊዜ ጽሕፈት ቤትዎ የፈለገውን ይለካ።

የጠየቅኩት ሁሉ አይቻልም ከተባለም፣ አይቻልም የሚለውን ደብዳቤ በመልእክተኛ ወደ ቤት እንዳይልኩብኝ እለምናለሁ። የማስጠንቀቂያውን ያመጣው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ሲጀምር ነው ክንዱን ይዤ ወደ ጓሮ የወሰድኩት። ቢሮዎ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ጧት ጧት እቀመጣለሁ። ያስጠሩኝና በእጄ ይስጡኝ፤ እዚያው አንብቤው እሄዳለሁ። እምሩ ዓይኑ ነው እንጂ ጆሮው ደህና ነው።

ደጅዎ ላይ ሆኜ መልስዎን እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
በዛወርቅ ወልደ ጻድቅ