ሽልማት የሚቀበልበት እጅ ያጣው አስተናጋጅ

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከረምክ? ያረፍኩበት ሆቴል ትናንት ምሳ ላይ ሠራተኞቹን ሸለመ። አብሳዮቹም ወይን ቀጂውም ክታቸውን ለብሰው እንደ እንግዳ ተቀምጠዋል። አንጋፋው አስተናጋጅ ሲጠራ ተነሣ፤ አመል ሆኖበት ባለፈበት ጠረጴዛ ሁሉ ባዶ ብርጭቆ እየለቀመ መድረክ ደረሰ። ሁለት እጁ ሙሉ ነው፤ ሽልማቱን በምን ይቀበል? ሳቅ ቤቱን ሞላው። እሱ ግን "ይቅርታ፣ አንዴ ላድርሰው" ብሎ ኩሽና ገባ። ብንጠብቀው ብንጠብቀው የለም፤ ለካ ብርጭቆዎቹን እያጠበ ኖሯል።

ስቄ ስቄ ሲወጣልኝ እናትህ ትዝ አሉኝ። ከምግብ ቤታቸው ስንት ዘመን በላሁ፤ እሳቸው ሲበሉ ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። አንተስ አይተህ ታውቃለህ? ይህች ፖስት ካርድ ጠበበችኝ። ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ መጀመሪያ ግን ቁጭ አድርጋቸው።

ሆዳሙ ጓደኛህ