ቀጭኑ ዘንግ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.
ልደታ

ዛሬ አባዬን ይዤ አብነት፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነክር መጠቅለያቸው ገብተውለታል። አባዬ ዝዋይ ሲሠሩ ክሩን በእጃቸው እየወረወሩ ነበር የሚያጠምዱት። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸው ደነዘዘ፤ ቢነኩትም አይሰማቸውም።

እኔ ወፍራሙን ዘንግ አነሳሁ፤ ጠንካራ መሰለኝ። ሰይድ ሳቀና ዓሣ ማታለያ የምትሆን ትንሽ የላስቲክ ትል ሰጠኝ።

«እሱ ለትልልቅ ዓሣ ነው፣ እህቴ። በዚህች የላስቲክ ትል ለሚያጠምድ ቀጭኑ ይሻላል። ዓሣው ቀመስ አድርጎ ይተፋታል፤ ያኔ እጅ ካልተሰማው አመለጠ።»

ትሏን አገላበጥኳት። ለስላሳ ናት፤ ጭራዋ ይርገበገባል። ዓሣ እንዴት በዚህ ይታለላል?

«እስኪ ልሞክራቸው» አሉ አባዬ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የክሩን ጫፍ ይዤ በሩ ጋ ቆምኩና ሳብ አደረግኩ። ወፍራሙን ሲይዙ ምንም አላሉም። ቀጭኑን ሲይዙ ግን ገና ክሩን ስነካው፣ «ነካ!» አሉ። ደገምኩት።

«አሁንም ነካ!»

የያዙት በቀኝ እጃቸው ነበር። የተሰማቸው በጣታቸው ይሁን በክንዳቸው አላውቅም። እሳቸው ልብ ያሉት አልመሰለኝም። ቀጭኑን ገዛን። ሰይድ በግራ እጃቸው እንዲያጠነጥኑ የመጠቅለያውን እጀታ አዙሮ ገጠመላቸው።

ቤት ስንገባ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ «የክሩን ጫፍ ይዘሽ በረንዳ ላይ ውጪ፤ መቼ እንደምትስቢ ግን እንዳትነግሪኝ» አሉኝ።